ተርጓሚና አስተርጓሚ፤ የተገደበ ዳይናሚክ ቋንቋ ወደ ማሽን ኮድ የሚለወጥበት መንገድ

ለኮምፒዩተር ትምህርት በሚዘጋጁ የክፍል ማስታወሻዎች የፕሮግራም ቋንቋዎችን በሁለት ዓምድ ከፍሎ ማስፈር የተለመደ ነው። በአንደኛው ዓምድ ሥር ሲን የመሳሰሉ «ኮምፓይል የሚደረጉ» ቋንቋዎች፣ በሌላው ሥር ደግሞ ፓይተንን የመሳሰሉ «ኢንተርፕሬት የሚደረጉ» ቋንቋዎች ይደረደራሉ። ከዚያም የፊተኞቹ ፈጣኖች፣ የኋለኞቹ ቀርፋፋዎች ናቸው ተብሎ ይጻፋል፤ ተማሪውም ይህንኑ ሸምድዶ ለፈተና ይቀርባል። ሠንጠረዡ ለማስተማር ይመቻል። ይሁን እንጂ ፍጥነትንና ዝግታን ከቋንቋው ተፈጥሮ ጋር አብረው የተወለዱ ባሕርያት አድርጎ ስለሚያቀርብ ተማሪውን ከእውነቱ ያርቀዋል። የትኛው ቋንቋ በየትኛው የክፍል ደረጃ እንዲሰጥ ለሚወስነው የትምህርት ዕቅድ ባለሙያም የተሳሳተ መነሻ ይሆንበታል፤ «ቀላሉ ይሰጥ ወይስ ፈጣኑ?» ከሚል መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ ይመስለዋልና።

ይህ አከፋፈል ምን ያህል እንደሚያዛልቅ ለመመርመር ከሁሉ የተሻለው ማስረጃ፣ ዳይናሚክ የሆነ ቋንቋ ከነጻነቱ ጥቂቱ ተቀንሶ ወደ ማሽን ኮድ የተተረጐመባቸው ሥራዎች ናቸው። ከእነዚህም ሁለቱ፣ ማለትም ስኩዊክና ፓይፓይ፣ ከዚህ በታች ተብራርተዋል።

ስለ ሁለቱ ቃላት

አማርኛ በዚህ ጉዳይ ላይ ጥሩ መለያ አለው። በሸንጎ ቆሞ ተናጋሪው አንድ ዐረፍተ ነገር በተናገረ ቍጥር ለአድማጩ በሌላ ቋንቋ የሚያደርሰው ሰው «አስተርጓሚ» ይባላል። ንግግሩ ነገ ቢደገም አስተርጓሚውም ነገ ተመልሶ መምጣት አለበት። በአንጻሩ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ወደ ሌላ ቋንቋ መልሶ የሚያስረክበው «ተርጓሚ» ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ አንባቢው እርሱን አያስፈልገውም። ኢንተርፕሬተር የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም አስተርጓሚ ነው፤ ኮምፓይለር የተባለው ደግሞ ተርጓሚ ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አስተርጓሚነትም ሆነ ተርጓሚነት የሰውየው ሥራ እንጂ የቋንቋው ባሕርይ አለመሆኑ ነው። ማንኛውም ቋንቋ ሊተረጐምም፣ በአስተርጓሚ ሊነገርም ይችላል። ሠንጠረዡ «ኢንተርፕሬት የሚደረግ» የሚለው ፓይተን እንኳ፣ በብዙዎች ኮምፒዩተር ላይ በሚገኘው መደበኛ አሠራሩ፣ አስቀድሞ ባይትኮድ ወደሚባል አጭር የትእዛዝ ቋንቋ ይተረጐማል፤ አስተርጓሚው የሚያነበው ይህን ባይትኮድ ነው። እንግዲያስ ትርጉም ካለ ዝግታው ከወዴት መጣ?

አንድምታ ያለው ምልክት

የዝግታው ምክንያት በአንዲት የመደመሪያ ምልክት ሊታይ ይችላል። በፓይተን «ሀ + ለ» ተብሎ ቢጻፍ ይህ ምን ማለት ነው? የመጻሕፍት ሊቃውንት አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ እንደሚያመሰጥሩት፣ የፓይተን ኢንተርፕሬተርም በዚህች ምልክት ላይ ብዙ አንድምታ አለው። አንድም ሁለት ሙሉ ቍጥሮችን መደመር ነው፤ አንድም ሁለት ባለ ነጥብ ቍጥሮችን መደመር ነው፤ አንድም ሁለት ጽሑፎችን ማቀጣጠል ነው፤ አንድም ሁለት ዝርዝሮችን ማጋጠም ነው፤ አንድም ፕሮግራመሩ ራሱ የፈጠረው ዓይነት ካለ እርሱ የደነገገው ሌላ ድርጊት ነው። የትኛው እንደ ሆነ የሚታወቀው «ሀ» እና «ለ» በዚያች ቅጽበት የያዙት ነገር ሲታይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ኢንተርፕሬተሩ ከምልክቷ በደረሰ ቍጥር የግራውንና የቀኙን ነገር ዓይነት ይመረምራል፤ ለዚያ ዓይነት የተመደበውን የመደመር ሥራ ይፈልጋል፤ ያንን ጠርቶ ያሠራል፤ ለውጤቱም በማኅደረ ትውስታ ውስጥ አዲስ ቦታ ያዘጋጃል። ሥራው አንድ ሚሊዮን ጊዜ ቢደገም ምርመራውም አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይደገማል። በሲ ቋንቋ ግን ፕሮግራመሩ «ሀ» እና «ለ» ሙሉ ቍጥሮች መሆናቸውን አስቀድሞ ስላስታወቀ፣ ኮምፓይለሩ ለዚያች ምልክት አንዲት የማሽን ትእዛዝ ብቻ ይጽፋል። ለምልክቷ አንድ ነጠላ ትርጉም ብቻ ቀርቶላታል።

ከዚህ እንደሚታየው ልዩነቱን የፈጠረው ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የታወቀው ነገር መጠን ነው። ዳይናሚክ የሚባለው ቋንቋ ብዙ ውሳኔዎችን እስከ ሥራው ሰዓት ያቆያል፤ አንድ ስም ጧት ቍጥር ይዞ ከሰዓት በኋላ ጽሑፍ ሊይዝ ይችላል፤ አንድ ፈንክሽን በሥራ መካከል በሌላ ሊተካ ይችላል። ይህ ነጻነት ለጀማሪ ተማሪ እጅግ ምቹ ነው። ነገር ግን ብዙ ፕሮግራሞች ነጻነቱ ቢሰጣቸውም አይጠቀሙበትም። የተገደበ ቋንቋ የሚለው ሐሳብ የተነሣው ከዚሁ ነው፤ ፕሮግራመሩ በቋንቋው ውስጥ ለትርጉም የሚመቸውን ክፍል ብቻ እንዲጠቀም ከተስማማ፣ አንድምታው ሁሉ ሥራው ሳይጀመር ሊቋጭ ይችላል።

የስኩዊክ አብነት

ይህን መንገድ ለትምህርት ሲሉ ከተከተሉት መካከል በአፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 ሥራቸውን የጀመሩት ዳን ኢንጋልስ፣ ቴድ ኬለር፣ ጆን ማሎኒ፣ ስኮት ዋላስና አለን ኬይ ይገኙበታል። ዓላማቸው ሕፃናትም ጭምር ፕሮግራም ሊጽፉበት የሚችሉበት የትምህርት መሣሪያ መሥራት ነበር። ለዚህም ስሞልቶክ የተባለውን ዳይናሚክ ቋንቋ መረጡ፤ በእርሱም የሠሩትን ስኩዊክ አሉት።

ስሞልቶክ እንዲሠራ ኢንተርፕሬተር ያስፈልገዋል፤ ኢንተርፕሬተሩ ደግሞ በተለምዶ በሲ የሚጻፍ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ኢንተርፕሬተሩን በራሱ በስሞልቶክ ጻፉት። ይህ በመጀመሪያ ሲሰማ ገመዱን ይዞ ራሱን ከጉድጓድ እንደሚያወጣ ሰው ያስመስላል፤ ዳሩ ግን ምሥጢሩ ቀላል ነው። ኢንተርፕሬተሩን የጻፉት ስላንግ ብለው በሰየሙት የተገደበ የስሞልቶክ ክፍል ነበር። በስላንግ ውስጥ ስሞልቶክን ስሞልቶክ ያሰኙት ነገሮች፣ ከነገር ወደ ነገር መልእክት መላክና ነገሮቹ ራሳቸውም ጭምር፣ የሉም ማለት ይቻላል። የቀረው ያለ ብዙ ችግር ወደ ሲ የሚገለበጥ ነው፤ እያንዳንዱ የስሞልቶክ ሜተድ አንድ የሲ ፈንክሽን ይሆናል፤ ነገሩ በውስጡ የሚይዛቸው ስሞችም የሲ የጋራ ስሞች ይሆናሉ።

የሒሳብ መምህራንን የሚያስደስት አንድ ጥቃቅን ነገር እዚህ አለ። ስሞልቶክ የማባዛት ቅድሚያን አያውቅም፤ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ያሰላል። በመሆኑም 3 + 4 × 5 በስሞልቶክ 35 እንጂ 23 አይደለም። ወደ ሲ የሚተረጉመው ፕሮግራም ይህን ሥርዓት እንዳይስት ቅንፎቹን ራሱ ማስገባት ይኖርበታል።

ጥቅሙ ድርብ ነበር። ኢንተርፕሬተሩ በስሞልቶክ ስለ ተጻፈ በመጀመሪያ በስሞልቶክ ውስጥ በዝግታ እየሠራ፣ ስሕተቱ በቋንቋው ምቹ መሣሪያዎች ይመረመራል፤ ከታረመ በኋላ ወደ ሲ ይተረጐምና በፍጥነት ይሠራል። የሲ ኮምፓይለር የሌለው የኮምፒዩተር ዓይነት የለም ለማለት ስለሚያስደፍር፣ ስኩዊክ እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕዝብ እንደ ተለቀቀ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌሎች ኮምፒዩተሮች ተዛመተ። መምህራን በስም የሚያውቁት ስክራች እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ሲቀርብ የተጻፈው በስኩዊክ ነበር፤ ከሠሪዎቹም አንዱ ከላይ የተጠቀሰው ጆን ማሎኒ ነው። በ2000ዎቹ መጨረሻ ወደ አንዳንድ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ከገቡት ኤክስኦ ከሚባሉት ትናንሽ የተማሪ ኮምፒዩተሮች ጋር የቀረበው ኢቶይስም የስኩዊክ ፍሬ ነው። ይህን ቀለም የበዛበት መጫወቻ የነካ ሕፃን ከሥሩ የሚሠራው ሞተር ከተገደበ ስሞልቶክ ወደ ሲ የተተረጐመ መሆኑን ማወቅ አላስፈለገውም።

ፓይፓይና የተገደበው ፓይተን

የስላንግ ሠሪዎች ተርጓሚውን አላስጨነቁትም፤ ቋንቋውን አስቀድመው ከሲ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ አጠበቡት። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የፓይፓይ ሥራ ግን ከዚህ የራቀ ነገር ፈለገ። እነርሱም የፓይተንን ኢንተርፕሬተር በራሱ በፓይተን መጻፍ ነበር ዓላማቸው፤ ይሁን እንጂ ነገሮችን፣ ክፍሎችንና ውርስን፣ ዝርዝሮችንና መዝገበ ቃላትን ሁሉ እንደ ያዙ መተርጐም ፈለጉ። አርፓይተን ማለትም የተገደበው ፓይተን የተወለደው በዚህ ሥራ ውስጥ ነው። በአርፓይተን ፕሮግራመሩ የስሞችን ዓይነት አያስታውቅም፤ ተርጓሚው ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። አካሄዱ በምሳሌ ቢታይ ይቀላል።

አንድ መምህር የክፍሉን የፈተና ውጤት የሚደምር አጭር ፈንክሽን ጻፈ እንበል፦

ፈንክሽን ደምር (ውጤቶች)
  ድምር = 0
  በውጤቶች ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ሀ
    ድምር = ድምር + ሀ
  ድምርን መልስ

ተርጓሚው ሥራውን የሚጀምረው ይህን ጽሑፍ ከማንበብ አይደለም፤ ይህም ከተለመዱት ኮምፓይለሮች የሚለይበት ዋና ነጥብ ነው። ፕሮግራሙ በመጀመሪያ በተራው ፓይተን ይጫናል። በዚህ የመጫኛ ጊዜ ገደብ የለም፤ ፓይተን የፈቀደው ሁሉ ይፈቀዳል፤ ሠንጠረዦች ይሰላሉ፣ ክፍሎች በሌሎች ፈንክሽኖች ይፈበረካሉ። ከዚያ በኋላ ተርጓሚው በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ተዘጋጅተው የተገኙትን ፈንክሽኖች ይቀበላል፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፈንክሽንም ሆነ ክፍል አይለወጥም። ለሠሪው ሙሉውን ነጻነት፣ ለተሠራው ግን ገደቡን የሚሰጥ ብልሃት ነው።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ፈንክሽን ወደ ፍሰት ንድፍ ይለወጣል። ለዚህ የሚያገለግለው ረቂቅ ኢንተርፕሬተር የፈንክሽኑን ባይትኮድ እንደ ተራው ኢንተርፕሬተር ይከተላል፤ ነገር ግን በቍጥሮች ፈንታ «ገና ያልታወቀ ነገር» የሚል ባዶ መያዣ ይዞ ይጓዛል። የሚሆን ከሆነና የማይሆን ከሆነ የሚል መገናኛ ላይ ሲደርስ በሁለቱም መንገድ ይሄዳል። በመጨረሻ የሚገኘው መምህራን በሰሌዳ ላይ በሣጥንና በቀስት ከሚስሉት የፍሰት ንድፍ ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው።

ከዚያ የሥራው ልብ የሆነው የዓይነት ፍለጋ ይመጣል። ተርጓሚው ከፕሮግራሙ መግቢያ በር ይነሣል። በመጀመሪያ ስለ ማንኛውም ስም የሚያውቀው ነገር የለም። ከላይ ባለው ምሳሌ «ድምር» 0 ሲሰጠው «ሙሉ ቍጥር» ተብሎ ይመዘገባል፤ 0 ከዜሮ የማያንስ ስለ ሆነ «አሉታዊ ያልሆነ» የሚልም ይታከልበታል። ፈንክሽኑ የተጠራው በሙሉ ቍጥሮች ዝርዝር ከሆነ «ሀ» ሙሉ ቍጥር ይሆናል፤ ሙሉ ቍጥር ሲደመር ሙሉ ቍጥር ደግሞ ሙሉ ቍጥር ነው። ዙሩ ወደ ላይ ተመልሶ ሲመጣ አዲስ ነገር ከተገኘ መዝገቡ ይሰፋና ዳግም ይዞራል፤ ለምሳሌ ከውጤቶቹ መካከል አሉታዊ ሊሆን የሚችል ካለ «አሉታዊ ያልሆነ» የሚለው ይሰረዛል። ከሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ይኸው ፈንክሽን በባለ ነጥብ ቍጥሮች ዝርዝር ቢጠራ የ«ሀ» እና የ«ድምር» መዝገብ ወደ ባለ ነጥብ ቍጥር ይሰፋል። መዝገቡ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ ስለማይሄድ፣ የሚቻሉት ዓይነቶችም ውስን ስለ ሆኑ፣ ዙሩ አንድ ቀን ያበቃል፤ የሚጨመር ነገር ሲታጣ ፍለጋው ተጠናቀቀ ይባላል።

ስለ አሉታዊ ቍጥር መጠንቀቅ ለምን አስፈለገ ቢባል፣ በፓይተን ዝርዝሮች የ–1ኛ ቦታ ማለት የመጨረሻው ቦታ ማለት በመሆኑ ነው። የቦታው ቍጥር አሉታዊ እንደማይሆን አስቀድሞ ከታወቀ፣ በየጊዜው «አሉታዊ ነውን?» ብሎ የሚጠይቀው ኮድ ሊቀር ይችላል።

አሁን መምህሩ አንድ ተማሪ በፈተናው ቀን ስላልተገኘ በዝርዝሩ ውስጥ 67፣ 82፣ «ቀረ»፣ 91 ብሎ ጻፈ እንበል። ተራው ፓይተን ይህን ዝርዝር ያለ ተቃውሞ ይቀበላል። ስሕተቱ የሚታወቀው መደመሩ ከሦስተኛው ተማሪ ሲደርስ ነው፤ ያ ተማሪ ባይቀር ኖሮም ስሕተቱ ለዓመታት ተሸሽጎ ሊኖር ይችል ነበር። አርፓይተን ግን ሥራው ሳይጀመር እምቢ ይላል። ቍጥርና ጽሑፍ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ሲገናኙ ሁለቱን የሚያቅፍ ዓይነት ስለሌለው ትርጉሙን ያቋርጣል። መምህሩ «ቀረ» የሚለውን ለመመዝገብ ከፈለገ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ ውጤቱንና መገኘቱን ለየብቻ የሚይዝ ክፍል ማዘጋጀት ይኖርበታል። በሐቅ ቢታይ ይህ የተሻለ የመዝገብ አያያዝ ነው።

ዓይነቱ ሁሉ ከታወቀ በኋላ የቀረው ሥራ ረዥም ቢሆንም ለመተረክ አጭር ነው። እያንዳንዱ የፓይተን ድርጊት ማሽኑ በሚያውቀው ዝቅተኛ ድርጊት ይተካል። አንድ ዝርዝር ከተፈጠረ በኋላ ርዝመቱ የማይለወጥ መሆኑ ከተረጋገጠ እንደ ተራ ድርድር ይቀመጣል፤ የሚያድግ ከሆነ ግን ርዝመቱን የሚይዝ ተጨማሪ መዋቅር ይሰጠዋል። ትናንሽ ፈንክሽኖች በጠራቸው ፈንክሽን ውስጥ ይሰካሉ። ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ ስሕተት መፈጠሩን የሚያጣራ ኮድ ይገባል፤ የማያገለግል ማኅደረ ትውስታን የሚሰበስበውም ክፍል ይታከላል። በመጨረሻ ሁሉም እንደ ሲ ጽሑፍ ወጥቶ ለተራ የሲ ኮምፓይለር ይሰጣል። «ድምር + ሀ» የነበረው አሁን አንዲት የመደመር ትእዛዝ ሆኗል።

የተከፈለው ዋጋ

ገደቡ በዓይነት ብቻ አያበቃም። ተራው ፓይተን ሙሉ ቍጥርን ያለ ወሰን ያሳድጋል። የአርፓይተን ሙሉ ቍጥር ግን የማሽኑን ቃል ያህል ብቻ ነው። በ64 ቢት ማሽን ከ9223372036854775807 ላይ 1 ቢደመር ተራው ፓይተን ትክክለኛውን መልስ ሲሰጥ፣ የተተረጐመው ፕሮግራም ወደ አሉታዊ ቍጥር ይገለበጣል። ይህን የሚፈራ ፕሮግራመር በቦታው ላይ የመትረፍረፍ ምርመራ እንዲደረግ በግልጽ ማዘዝ አለበት። አንድ ጽሑፍ ምን ያህል ተመሳሳይ ቢመስልም በሁለት ሥርዓት ሁለት መልስ ሊሰጥ መቻሉ በቸልታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፤ ስላንግም ይኸው ፈተና ነበረበት።

ከዚህ የባሰ የሚያስመርረው የስሕተት መልእክቱ ነው። ፍለጋው መላውን ፕሮግራም በአንድነት ስለሚመለከት፣ በአንድ ፋይል የተጨመረች አንዲት መስመር ከእርሷ እጅግ ርቆ በሚገኝ ፈንክሽን ላይ ግጭት ልትፈጥር ትችላለች፤ መልእክቱም ግጭቱ የታየበትን ቦታ እንጂ ጥፋቱ የተሠራበትን ቦታ አይናገርም። ፓይፓይን የሚያህል ፕሮግራም ለመተርጐም ደግሞ ብዙ ማኅደረ ትውስታና እስከ ሰዓት የሚደርስ ጊዜ ያስፈልጋል። በዚህም ምክንያት ሠሪዎቹ ራሳቸው አርፓይተንን ለጠቅላላ የፕሮግራም ሥራ አያበረታቱትም፤ ለቋንቋ ኢንተርፕሬተሮች መጻፊያ የተዘጋጀ ነው ይላሉ።

ስለዚህ የፓይፓይ ተጠቃሚ በአርፓይተን አይጽፍም፤ የሚጽፈው በሙሉው ፓይተን ነው። ገደቡን የተሸከመው ሞተሩን የሠራው ባለሙያ ነው። ሞተሩ ወደ ሲ መተርጐሙ ብቻውንም ተጠቃሚውን ባለ ፍጥነት አላደረገውም፤ የተተረጐመው ኢንተርፕሬተር መጀመሪያ ላይ በሲ ከተጻፈው መደበኛ ፓይተን ይዘገይ ነበር። ነገሩን የለወጠው፣ ከዚሁ የአርፓይተን ጽሑፍ በመነሣት ሁለተኛ ተርጓሚ በራስ ሰር መመንጨቱ ነው። ይህ ሁለተኛው ተርጓሚ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት ደጋግሞ የሚዞረውን ክፍል እየተከታተለ፣ በዚያች ሰዓት የታዩትን ዓይነቶች ይዞ የማሽን ኮድ ያወጣል፤ የጠበቀው ዓይነት ሲለወጥበትም ወደ ኢንተርፕሬተሩ ይመለሳል። ይህን የያዘው የፓይፓይ 1.2 እትም እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። በሠንጠረዡ «ቀርፋፋ» ዓምድ ሥር የተጻፈው ቋንቋ፣ አንዲት ፊደል ሳይለወጥበት፣ በዚህ ሞተር ላይ ረዥም ስሌቶችን ከመደበኛው ፓይተን በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይሠራል።

በክፍል ውስጥ

ይህን ትምህርት ለመስጠት ኮምፒዩተር የግድ አያስፈልግም። መምህሩ በሰሌዳ ላይ አጫጭር ፈንክሽኖችን ጽፎ፣ ተማሪዎች እንደ ተርጓሚው ሆነው ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ዓይነቱን በጠመኔ እንዲጽፉ፣ መዝገቡ ሲሰፋም የቀድሞውን ሰርዘው አዲሱን እንዲያሰፍሩ ሊያደርግ ይችላል። «ፓይተን ኮምፓይል ይደረጋል ወይስ ኢንተርፕሬት?» በሚለው ጥያቄ ፈንታም «ይህ ፈንክሽን ከመሥራቱ በፊት ሊተረጐም ይችላልን? ካልቻለስ የትኛው መስመር ከለከለው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ለመጀመር የሚመች አንድ መልመጃ የክፍሉን አማካይ ውጤት በባለ ነጥብ ቍጥር የሚመልስ ፈንክሽን ነው፤ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ምን ይመልስ? 0 ቢመልስ ይተረጐማል፤ ሙሉው ቍጥር ወደ ባለ ነጥብ ቍጥር ይሰፋልና። «ባዶ» የሚል ጽሑፍ ቢመልስ አይተረጐምም። ተማሪዎችን የሚያከራክረው ሦስተኛው ነው፤ ፓይተን «ምንም» ለማለት የሚጠቀምበትን ነን የተባለውን ዋጋ ቢመልስስ? ጽሑፍ ወይም የክፍል ነገር በሚመልስ ፈንክሽን ውስጥ አርፓይተን ነንን ይፈቅዳል፤ እነዚህ በማሽኑ ውስጥ በአድራሻ ስለሚያዙ አድራሻ አለመኖሩን የሚያመለክት ባዶ ምልክት አላቸው። ቍጥር ግን አድራሻ የለውም፤ አድራሻ አለመኖሩን የሚያመለክት ባዶ ምልክትም የለውም፤ ስለዚህ ተርጓሚው ይህንንም አይቀበልም።